ጅማ ላይ የመንግሥት ጥናት ስትፈልጉ፤ በየትኛው በር መግባት ይሻላል?

ጅማ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስተይብ ነው የምውለው። ግማሹ የመሬት ጉዳይ ነው፤ እሱን ለዛሬ እንተወው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ደብዳቤ በርክቷል። «ጉዳዩ፦ የጥናት ሰነድ ኮፒ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ይላል። አንዳንዱን የሚያስጽፈው ተመራቂ ተማሪ ነው። አንዳንዱን የቡና ገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ። አንዳንዱን ደግሞ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ አጥሩ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባበት አባወራ።

ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የሚሳሳተው አድራሻው ነው።

አንድ ልጅ ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፉ የጅማ ዞን ቡና ስንት ሄክታር ላይ እንዳለ ማወቅ ፈለገ። ሦስት ሳምንት ተንከራተተ። አንዱ ቢሮ «ባለሙያው መስክ ወጥቷል» አለው። ሌላው «የትብብር ደብዳቤ አምጣ» አለው። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ «ፋይሉ ፍላሽ ላይ ነበር፤ ፍላሹን ቫይረስ በላው» ተባለ። አራተኛ ደብዳቤ ሊያስተይብ እኔ ጋ ሲመጣ የስታቲስቲክስ ሪፖርቱን ከኢንተርኔት አውርጄ የዞኑን ሰንጠረዥ አሳየሁት። ያዘዝነው ቡና ሳይቀዘቅዝ ጉዳዩ አለቀ። ልጁ መሳቅም መናደድም አምሮት ዝም ብሎ ስክሪኑን አየ።

ስለዚህ እዚህ ከተማ ሆኖ የመንግሥት ጥናት፣ ሪፖርት ወይም መዝገብ ለሚፈልግ ሰው በሮቹን ላወዳድርለት። ኢንተርኔት አለ። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አለ። መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የዞን፣ የወረዳና የከተማ መሥሪያ ቤቶች አሉ። በአዋጅ የሚቀርብ ጥያቄ አለ። አዲስ አበባ ያሉት ቤተ መዛግብት አሉ። ብዙ ሰው የማያስበው አንድ የጎን በርም አለ፤ እሱ ጋ እንደርሳለን።

መጀመሪያ፦ ሰነዱ እስከ ጅማ ይወርዳል?

ብዙ ልፋት በከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ሪፖርቱ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ቁጥሩ እስከ የትኛው እርከን እንደተከፋፈለ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱን ውሰዱ። በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ተካሂዷል። በ2011 ደግሞ አነስ ያለው ተሠርቷል። ስለ ክትባት፣ ስለ ሕፃናት ሞት፣ ስለ ወሊድ ምርጥ ጥናት ነው። ሪፖርቱ በነጻ ይወርዳል። ግን ክልል ላይ ያቆማል። «ኦሮሚያ» ይላል እንጂ «ጅማ» አይልም። ከቦረና እስከ ወለጋ ያለው ሁሉ አንድ ቁጥር ውስጥ ገብቷል። የኦሮሚያን ቁጥር ወስዶ «በጅማ እንዲህ ነው» ብሎ የጻፈ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደተየብኩ አልነግራችሁም። ተያቢ ነኝ፤ አስተያየት ስጥ ብሎ የከፈለኝ የለም።

ዓመታዊው የግብርና ናሙና ጥናት ከዚህ ይሻላል። ዞን ድረስ ይወርዳል። የጅማ ዞን በቆሎ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ቡና በሄክታርና በኩንታል ተቀምጧል። ወረዳ ግን አታገኙበትም። ጎማንና ማናን፣ ሊሙ ኮሳንና ቀርሳን ለየብቻ ማየት የፈለገ ሰው ወደ ዞኑ ወይም ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መሄዱ አይቀርለትም።

ቆጠራው ወረዳ ድረስ ይወርዳል። ችግሩ ዕድሜው ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። በዚያ ቆጠራ የጅማ ዞን ሕዝብ 2,486,155፣ የጅማ ከተማ ሕዝብ ደግሞ 120,960 ነበር። ቀጣዩ በ2010 ይካሄዳል ተብሎ ተራዘመና እስካሁን ቀረ። እንግዲህ አንድ ሰው «ጅማ ዛሬ ይህን ያህል ሕዝብ አላት» ካላችሁ የሚነግራችሁ ትንበያ ነው። ትንበያ መጠቀም ነውር የለውም። ትንበያ መሆኑን ጻፉ እንጂ።

ከወረዳ በታች፣ ማለትም የአንድ ጤና ጣቢያ ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ቁጥር ከሆነ፣ በታተመ ሪፖርት ውስጥ መፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው። እሱ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው። ኢንተርኔቱን ትታችሁ ደብዳቤ ጻፉ።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። የዓመት አቆጣጠሩ። ሪፖርቶቹ በእንግሊዝኛ ሲሆኑ ሽፋናቸው ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው። አንዳንዱ ሁለቱንም ይጽፋል፤ አንዳንዱ አንዱን ብቻ። «የ2016 የጤና ጥናት» ሲባል የኛ 2008 ነው። ቢሮ ሄዳችሁ «የ2016ቱን ስጡኝ» ካላችሁ ባለሙያው የኛን 2016 አስቦ «የለም» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ የለም።

ኢንተርኔት ወይስ የዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ?

ታትሞ የወጣ ነገር ከሆነ በኢንተርኔት ጀምሩ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ እስከ 2014 ዓ.ም. ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው፣ ሪፖርቶቹን በድረ ገጹ ያወጣል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበውም ሪፖርት ይወጣል። የሰበር ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ሆነው ይገኛሉ። ለእነዚህ ደብዳቤ መጻፍ ወረቀት ማባከን ነው። እኔ ከደብዳቤው እንጀራ የምበላው ሰው ነኝ ይህን የምላችሁ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ የኢንተርኔት ማከማቻ ደግሞ ለዚህ ከተማ ሰው ትልቅ ሀብት ነው። የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች ተጭነውበታል። «የመንግሥት ሰነድ አይደለማ!» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን አባሪውን ክፈቱት። አንድ ተማሪ ስለ ጅማ የመጠጥ ውኃ ሲጽፍ ከመሥሪያ ቤቱ ያገኘውን ሰንጠረዥ ከኋላ ያያይዛል። ዋቢ ዝርዝሩ ውስጥም የትኛው ቢሮ በየትኛው ዓመት ምን ሪፖርት እንዳወጣ ሙሉ ስሙ አለ። ይህ ወርቅ ነው። ቢሮ ሄዶ «ስለ ውኃ የተጠና ነገር ካለ» ማለትና የሰነዱን ሙሉ ስምና ዓመት መጥራት የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ስሙን ስትጠሩ «የለም» ማለት ይከብዳል።

በጤናው በኩል ዩኒቨርሲቲው የሚያሳትመው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ መጽሔት ሙሉ ጽሑፉ በነጻ ይነበባል። በፈረንጆቹ 2019 የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲም በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር በሀገር አቀፉ ዲጂታል ማከማቻ ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንዲቀመጥ ያዛል። አንድ ተመራማሪ ጽሑፉን «አልሰጥም» ቢላችሁ ይህን በትሕትና ማስታወስ ይቻላል። በትሕትና ነው ያልኩት።

ታዲያ መደርደሪያው ለምን ይጠቅማል? ለአሮጌው። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ስሙ የቆመው በ1992 ዓ.ም. ነው። የተሠራው ግን ከሁለት ተቋማት ነው፤ በ1940ዎቹ ከተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤትና በ1970ዎቹ ከተከፈተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት። ስለዚህ ስለ እርሻ የቆየ ነገር የሚፈልግ ሰው ዋናውን ግቢ ትቶ የግብርና ኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ቢያስቀድም ይሻለዋል። በስቴንስል የተባዛ፣ ጠርዙ ቡናማ የሆነ፣ ማንም ስካን ያላደረገው ሪፖርት የሚገኘው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ከውጭ ከመጣችሁ መታወቂያ ያዙ። በር ላይ «ለምን ጉዳይ?» መባሉ አይቀርም። ከምትሠሩበት ወይም ከቀበሌያችሁ አንዲት አጭር ደብዳቤ ካለች ነገሩ ይቀላል።

በኢንተርኔት ስትፈልጉ ደግሞ የከተማችንን ስም በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጉ። በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ ኤም፣ ሌላው በሁለት ኤም ይጽፈዋል። የድሮዎቹ ፊቱ ላይ ዲ ይጨምሩበታል። ሦስቱንም ሞክሩ።

የቡና ጉዳይ ከሆነ መልኮ

እዚህ ላይ ረጋ ልበል። ከተማችን የቡና ከተማ ናት፤ የቡና ጥያቄም ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ከከተማው በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መልኮ ላይ ነው። በፈረንጆቹ 1967 ነው የተቋቋመው። በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ሆኖ የሀገሪቱን የቡና ምርምር ያስተባብራል። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ ሀገራችን ውስጥ ሲታይ መፍትሔ ፍለጋው የተሠራው እዚህ ነው። ገበሬው ዛሬ «ሰባ አራት መቶ አሥር» እያለ የሚጠራው 74110፣ ወንድሙ 74112፣ ሌሎቹም በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች የመጡት ከዚያ ሥራ ነው። ከፊት ያለው 74 የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። ይህን ስነግራቸው የሚገረሙ ገበሬዎች አሉ፤ ሕይወታቸውን ሙሉ የተከሉት ቡና ስሙ ላይ ልደቱን ይዞ ሲዞር።

አንድ የማኅበር ጸሐፊ የዝርያዎቹን ምርታማነት የሚያሳይ ጽሑፍ ፈለገ። መጀመሪያ ከኢንተርኔት ሦስት የጥናት ጽሑፍ አወረድንለት። ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም በስታቲስቲክስ የታጨቀ። አንብቦ ራሱን ያዘ። ከዚያ ባጃጅ ይዞ መልኮ ሄደ። ተመራማሪ አግኝቶ ግማሽ ሰዓት አወራ። «የናንተ ቀበሌ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። ወረቀቱ ይህን አይጠይቅም። ለከፍታቸው የሚስማማውን ዝርያ አወቀ፤ ለገበሬ የተዘጋጀ መመሪያም ይዞ ተመለሰ።

ስለዚህ ልትጽፉ ከሆነ ኢንተርኔት፣ ልትተክሉ ከሆነ መልኮ። ስትሄዱ ግን ጥያቄያችሁን አጥብቡ። «ስለ ቡና መረጃ» ካላችሁ ስለ ቡና ስለማይታወቅ ነገር ብትጠይቁ ይቀል ነበር። «ስለ ዝርያ፣ በመካከለኛ ከፍታ፣ ከበሽታ አንጻር» በሉ። ጠዋት ሂዱ። ተመራማሪ ከሰዓት ማሳ ላይ ነው።

የዝናብና የሙቀት መጠን የሚፈልግ ሰው ደግሞ መልኮም ዩኒቨርሲቲም አይሂድ። የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቱን በደብዳቤ ይጠይቅ። ለተማሪ የትብብር ደብዳቤ ወሳኝ ነው።

የዞንና የከተማ መሥሪያ ቤቶች፤ ዘመድ ወይስ መዝገብ ቤት?

ያልታተመ ነገር ያለው እዚህ ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ የአዋጭነት ጥናት፣ የመንገድ ዲዛይን፣ የጤና ጣቢያ ቁጥር።

ሰዉ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው «እዚያ የማውቀው ሰው አለ» ብሎ ነው። አልፈርድም፤ እኔም አደርገዋለሁ። ፈጣን ነው። ከሰዓት ደውላችሁ ማታ በቴሌግራም ይደርሳችኋል። ግን ሁለት ጉድለት አለው። የደረሳችሁ ረቂቅ ይሁን የጸደቀ አታውቁም። ደግሞም ፍርድ ቤት ወይም ሌላ ቢሮ ስታቀርቡት ማህተም የለውም፤ «ከየት አመጣኸው?» ስትባሉ ወዳጃችሁን ነው የምታጋልጡት። እንግዲህ ለማወቅ ብቻ ከሆነ ዘመድ ይበቃል። ለመጠቀም ከሆነ መዝገብ ቤት።

በመዝገብ ቤት ስትሄዱ የሚጠቅሙ ነገሮች አሉ። የዞኑና የወረዳው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ የተጻፈም ይቀበላሉ፤ ግን በአፋን ኦሮሞ የተጻፈው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ከየቢሮው የሚወጣው መልስም በዚያው ቋንቋ ነው። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ በአማርኛ ጻፉ።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አሳትሙ። አንዱ ይገባል፤ በሌላኛው ላይ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን አስጽፋችሁ ማህተም አስደርጉበት። ይህን የማያደርግ ሰው ሲበዛ አያለሁ። ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይመጣል። ከወር በኋላ ሲጠይቅ «የምን ደብዳቤ?» ይባላል። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልተጻፈም ማለት ነው።

ጊዜውንም ምረጡ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ ሁሉም ሂሳብ ሊዘጋ ይሯሯጣል፤ እናንተን የሚሰማ ጆሮ የለም። ነሐሴና መስከረም ጥሩ ነው። ዓመታዊ ሪፖርቱ ተጠናቅቆ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ያዘጋጀው ሰውም ይዘቱን ገና አልረሳውም።

አዲስ ፍላሽ ያዙ። ያገለገለ ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ ለመሰካት የሚፈራ ባለሙያ ብዙ ነው፤ ቢፈራም አይፈረድበትም። ኮፒ ካልፈቀዱ «እዚሁ ቁጭ ብዬ ላንብበው?» በሉ። ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ማስታወሻ ደብተር ያስፈልጋችኋል።

አዋጁን መቼ ላውጣ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግና የመቀበል መብትን ያስቀምጣል። ዝርዝሩ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ላይ ነው። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ የጋዜጠኝነቱን ክፍል ተካው እንጂ መረጃ የማግኘት ክፍሉ ሥራ ላይ ነው።

አዋጁ የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው። ማንም ሰው የመንግሥት አካል የያዘውን መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ ጋዜጠኛ ወይም ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ለምን እንደፈለጋችሁ ማስረዳት ግዴታችሁ አይደለም። ጥያቄው የሚቀርበው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። መልስ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። መጠየቅ በነጻ ነው፤ የኮፒ ወጪ ግን ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ከከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለባቸው። ካልተስማማችሁ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ይግባኝ ትላላችሁ። አዋጁ የክልል መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል።

የማይሰጥ ነገርም አለ። የሌላ ሰው የግል መረጃ፣ የንግድ ምስጢር፣ የጸጥታና የመከላከያ ጉዳይ፣ የካቢኔ ሰነድ እና የመሳሰሉት።

እኔ ይህን በር መጀመሪያ አንኳኩ አልልም። ባለሙያው በሰላም ሊሰጣችሁ የነበረውን ነገር አዋጅ ስትጠቅሱበት ደንግጦ ለአለቃው ያሳልፈዋል። አለቃውም ለሕግ ክፍል። አንድ ቀን ይፈጅ የነበረው ወር ይሆናል። ግን በሰላም ሁለት ጊዜ ተሞክሮ እንቢ ከተባለ፣ ወይም ሰነዱ የእናንተን ኑሮ የሚነካ ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ በር የለም።

አጥራቸው ላይ ቀለም የተቀባባቸው አንድ ጋሼ ሁለት ወር በቃል ሲጠይቁ ቆዩ። «ነገ ይምጡ» የሚለው ቃል ሰለቻቸው። ይህን ጻፍንላቸው፦

«በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት፣ በምኖርበት ቀበሌ ለሚሠራው መንገድ የተዘጋጀው ጥናት ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ሙሉው የማይሰጥ ከሆነ መስጠት የሚቻለው ክፍል ተለይቶ እንዲሰጠኝ፣ የተከለከለው ክፍል ደግሞ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።»

በ26ኛው ቀን ተደወለላቸው። የመንገዱን ካርታና ስፋቱን የሚያሳየውን ክፍል አገኙ። የካሳ ተከፋዮች ስም ዝርዝር ተከለከለ፤ የሌሎች ሰዎች ስምና ገንዘብ ስላለበት። እሳቸው ተናደዱ። እኔ ግን መሥሪያ ቤቱ ልክ ነበር ባይ ነኝ። የሳቸውስ የካሳ መጠን ለጎረቤት ቢሰጥ ይወዱ ነበር?

ያቺ «መስጠት የሚቻለው ክፍል ተለይቶ» የምትለውን ሐረግ አትርሷት። ያለሷ አንድ ገጽ ምስጢር ሁለት መቶ ገጽ ይዞ ይቀራል።

የጎን በር፤ አበዳሪዎች

ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። ትልቅ ግድብ ወይም ትልቅ መንገድ በውጭ ብድር ሲሠራ አበዳሪው ሰነዶቹን በራሱ ድረ ገጽ ያወጣል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ በምታልፉበት አካባቢ ያለው ግልገል ጊቤ አንድ፣ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባለ 184 ሜጋ ዋት ግድብ፣ የዓለም ባንክ ገንዘብ አለበት። የጅማ ሚዛን መንገድን የአፍሪካ ልማት ባንክ ነው ያበደረው። ስለ እንዲህ ዓይነቱ ፕሮጀክት እዚህ ቢሮ ለቢሮ ከመዞር የባንኩን የሰነድ ማከማቻ መፈተሽ ይቀድማል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው፣ ከቦታቸው የተነሡ ሰዎች ጉዳይ፣ የማጠቃለያ ሪፖርቱ በዚያ ይፈለጋል። ጉድለቱ ሁሉም በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ደግሞም የሚያሳየው የታቀደውን ነው፤ መሬት ላይ የሆነውን ለማወቅ ሰዉን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ድረስ መሄድ መቼ ያዋጣል?

ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። አዳር አለው፤ ወጪ አለው። ለቅርብ ጊዜ ሰነድ አያዋጣም። ከደርግና ከዚያ በፊት ለሆነ ነገር ግን ያዋጣል። ወመዘክር፣ ማለትም የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ አለ። ስድስት ኪሎ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። በንጉሡም በደርግም ዘመን ጅማ የከፋ ዋና ከተማ ነበረች። በንጉሡ ጊዜ «ከፋ ጠቅላይ ግዛት»፣ በደርግ ጊዜ «ከፋ ክፍለ ሀገር»። ካታሎግ ላይ «ጅማ» ብላችሁ ብትፈልጉ ትንሽ ታገኛላችሁ። «ከፋ» ብላችሁ ፈልጉ። አንድ መምህር በዚህ ምክንያት ሁለት ቀን ባዶ እጃቸውን ቆይተው፣ ሊመለሱ ሲሉ አንድ የቤተ መዛግብት ሠራተኛ «ከፋን አይተዋል ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። ትኬታቸውን አራዘሙ።

ቴሌግራም

ፈጣን ነው፤ ሁላችንም እንጠቀምበታለን። አዋጅና መመሪያ ለማግኘት ይረዳል። ግን ሦስት ነገር እዩ። ሽፋኑ አለ ወይ? ገጾቹ ሙሉ ናቸው ወይ? ረቂቅ ይላል ወይስ የጸደቀ? ረቂቅ መመሪያ ይዞ ቢሮ ሄዶ ሲከራከር የዋለ ሰው አይቻለሁ። ሕግ ከሆነ ከነጋሪት ጋዜጣው፣ የክልል ሕግ ከሆነ ከመገለታ ኦሮሚያ ጋር አመሳክሩት። መገለታ ኦሮሚያ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ነው የሚታተመው።

በየትኛውም በር ግቡ፣ ያገኛችሁትን ወዲያው አውርዳችሁ አስቀምጡ። «ሊንኩን ይዣለሁ» አትበሉ። መሥሪያ ቤት ስሙ ሲቀየር ድረ ገጹም ይቀየራል፤ የድሮው ሊንክ ባዶ ገጽ ይከፍታል። በ2017 የአሜሪካ የእርዳታ ገንዘብ ሲቆም የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱን በብዙ ሀገር ሲደግፍ የኖረው ፕሮግራም ተቋረጠ። ያን ሰሞን ሪፖርቶቹን በኮምፒውተራቸው ያስቀመጡ ተማሪዎች ጭንቀት አልነበረባቸውም።

እኔም ሱቄ ኮምፒውተር ላይ አንድ ፎልደር አለኝ። የግብርና ናሙና ጥናቶቹ፣ የ1999 ቆጠራ፣ የጤና ጥናቶቹ፣ አዋጅ 590 አሉበት። ለሚፈልግ በነጻ እገለብጣለሁ። ፍላሻችሁን ግን መጀመሪያ በአንቲ ቫይረስ አሳልፈዋለሁ።